ችግኝን ከመደብ ሳይወጣ የሚጨርሰው በሽታ፦ ፀረ ፈንገስ ኬሚካልንና ጠቃሚ ተሕዋስያንን አጣምሮ መከላከል

ባሕር ዳር፦ የበርበሬና የቲማቲም አምራች የወራት ድካም የሚጀምረው ስፋቱ ከአንድ ሜትር ብዙም በማይበልጥ የችግኝ መደብ ላይ ነው። በዚያ መደብ ላይ የሚደርስ ጉዳት በማሳ ላይ ከሚደርሰው ይከፋል። በማሳ ላይ የታመመው ታሞ የተረፈው ሊሰበሰብ ይችላል፤ የመደቡ ችግኝ ካለቀ ግን ለማሳው የሚተከል ነገር አይኖርም። እንደገና ይዘራ ቢባል የበርበሬ ችግኝ ለተከላ እስኪደርስ ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈልግ ዝናቡ ያልፋል፤ የመስኖው ወረፋም አይጠብቅም።

ይህን ጉዳት በብዛት የሚያደርሰው፣ የዕጽዋት ጥበቃ ባለሙያዎች «ዳምፒንግ ኦፍ» የሚሉት የችግኝ አበስብስ በሽታ ነው። ማታ ቆሞ የታየው ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ተልፈስፍሶ ወድቆ ይገኛል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በመደቡ መካከል ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ክቡም እየሰፋ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው አምራች ፈጥኖ የሚወስደው እርምጃ ያገኘውን ፀረ ፈንገስ ኬሚካል በጥብጦ መርጨት ነው። አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግኙም ይሞታል። ኬሚካልን ከጠቃሚ ተሕዋስያን ጋር አጣምሮ መጠቀም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመያዝ የተሻለ ጥበቃ ሊሰጥ እንደሚችል ከዓለም ዙሪያ የተገኙ የምርምር ውጤቶች ያሳያሉ። ጥምረቱ የሚሠራው ግን ኬሚካሉ ለበሽታው ትክክለኛ ሲሆንና ወዳጁን ተሕዋስ የማይገድል ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ጠላት

የችግኝ አበስብስ በሽታን የሚያመጣው አንድ ተሕዋስ አይደለም። በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያ፣ ፉዛሪየምና ፋይቶፍቶራ ሁሉም ችግኝ ይጥላሉ። ብዙ ጊዜም በአንድ መደብ ላይ ሁለትና ሦስቱ ተዳብለው ይገኛሉ።

ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ በተለምዶ ፈንገስ ይባሉ እንጂ በተፈጥሯቸው ከእውነተኛ ፈንገሶች የተለዩ ናቸው። የዘመድ ሐረጋቸው ከውኃ አልጌዎች ጋር ይቀርባል፤ በውኃ ውስጥ የሚዋኙ ዘረ ብናኞችንም ያመርታሉ። ለዚህም ነው ውኃ በሚቋጥር፣ ዝናብ በበዛበትና ፀሐይ በማያገኝ መደብ ላይ የሚበረቱት። የሚያደርሱት መበስበስ ርጥብና ለስላሳ ነው፤ ሥሩም አብሮ ይበሰብሳል።

ራይዞክቶኒያ ግን እውነተኛ ፈንገስ ነው። መደቡ በውኃ ባይጥለቀለቅም ያጠቃል። ምልክቱ በአፈሩ ጠርዝ ላይ በግንዱ ዙሪያ የሚታይ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ፣ ጎድጎድ ያለና ደረቅ ቁስል ነው። አንዳንዱ ችግኝ ወዲያው አይወድቅም፤ ግንዱ እንደ ሽቦ ቀጥኖ ይቆማል። እንዲህ ዓይነቱ ችግኝ ተርፏል ተብሎ ሲተከል በማሳው ላይ ይጠወልጋል፤ በሽታውንም ወደ ማሳው ይዞ ይገባል።

በሽታው ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ቡቃያው ከአፈር ሳይወጣ ነው። በዚህ ጊዜ አምራቹ «ዘሩ አልበቀለም» ብሎ ዘር ሻጩን ይወቅሳል። ነገሩን ለመለየት ሳይበቅል የቀረውን ዘር ከአፈሩ አውጥቶ ማየት ይበቃል። ዘሩ ደረቅና ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ችግሩ የዘሩ ወይም የርጥበት ማነስ ሊሆን ይችላል። ለስልሶና በስብሶ ከተገኘ፣ ወይም ነጭ ቡቃያው ቡናማ ሆኖ ከተቋረጠ በሽታውን መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛው ጥቃት ቡቃያው ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የሚታየው ነው። ከዚያ በኋላ ግንዱ ስለሚጠነክር ችግኙ በቀላሉ አይወድቅም። ስለዚህ የጥበቃው ዋና ጊዜ ዘሩ አፈር ከነካበት ቀን አንሥቶ ግንዱ እስኪጠነክር ያለው ነው።

ኬሚካል ብቻውን ለምን አይበቃም?

የኬሚካል ጥንካሬው ፍጥነቱ ነው። ዘሩ ላይ የተለበጠ ወይም በመደቡ ላይ የፈሰሰ ፀረ ፈንገስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራል። ሆኖም ሦስት ድክመቶች አሉት።

የመጀመሪያው ሁሉም ኬሚካል ሁሉንም ጠላት የማይገድል መሆኑ ነው። ሜታላክሲል የተባለው ንጥረ ነገር በፒቲየምና በፋይቶፍቶራ ላይ ብርቱ ነው፤ ራይዞክቶኒያንና ፉዛሪየምን ግን አይነካም። ካርቤንዳዚም በተቃራኒው ከእውነተኛ ፈንገሶች ብዙዎቹን ሲቆጣጠር በፒቲየም ላይ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ፒቲየም በያዘው መደብ ላይ ካርቤንዳዚም የረጨ ገበሬ ጠላቱን ሳይነካ ገንዘቡን አፍስሷል።

ጉዳቱ በባከነው ገንዘብ ብቻ አያበቃም። በናይጄሪያ ኢባዳን የተካሄደና እ.አ.አ በ1975 የታተመ ጥናት፣ የካርቤንዳዚም ዘመድ የሆነውን ቤኖሚልንና መሰሎቹን የተረጨ የአደንጓሬ ዘመድ የሆነ ሰብል ላይ በፒቲየም የሚመጣው የግንድ መበስበስ እንደጨመረ አሳይቷል። ኬሚካሉ ከፒቲየም ጋር የሚሻሙትን ሌሎች ፈንገሶች ሲያጠፋ ለፒቲየም ሜዳውን ይለቅለታል።

ሁለተኛው ድክመት ጊዜ ነው። በአፈር ውስጥ የገባ ኬሚካል በዝናብና በመስኖ ውኃ ይታጠባል፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያንም ይሰባብሩታል። ሥሩ ደግሞ በየቀኑ እያደገ ኬሚካሉ ወዳልደረሰበት አፈር ይገባል።

ሦስተኛው በሽታው ኬሚካሉን መልመዱ ነው። ሜታላክሲል እ.አ.አ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ገበያ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.አ.አ በ1980 የድንች ዋግን የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ በአየርላንድና በኔዘርላንድ እንደተላመደው ተረጋግጧል። አንድን ኬሚካል ብቻ ደጋግሞ መጠቀም ለዚህ ያጋልጣል።

በአፈር ውስጥ ያሉ ወዳጆች

በአፈር ውስጥ ያለው ፈንገስ ሁሉ ጠላት አይደለም። ሪቻርድ ዋይንድሊንግ የተባለ ተመራማሪ እ.አ.አ በ1932 ትሪኮደርማ የተባለ አረንጓዴ ፈንገስ በሌሎች ፈንገሶች ላይ ተጠምጥሞ እንደሚመገባቸው ገለጸ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በካሊፎርኒያ በብርቱካን ዘመዶች ችግኝ ላይ ራይዞክቶኒያን በትሪኮደርማ ለመከላከል የተደረገው ሙከራ ታተመ። ዛሬ በብዙ አገራት በዱቄት ወይም በፈሳሽ መልክ የሚሸጡት ምርቶች የዚያ ሥራ ቅጥያ ናቸው።

ትሪኮደርማ በአራት መንገድ ይሠራል። በጠላት ፈንገስ ክር ላይ ተጠምጥሞ ግድግዳውን በሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ይበላዋል። በሥሩ ዙሪያ ያለውን ምግብና ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ሌሎችን የሚያዳክሙ ኬሚካሎችን ያመነጫል። ችግኙም የራሱን የመከላከያ ኃይል እንዲያነቃ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ጥቅሙ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው፤ ሥሩ ሲያድግ አብሮት ያድጋል።

ሌሎቹ ወዳጆች ባክቴሪያዎች ናቸው። ባሲለስ ሰብቲሊስ ድርቀትንና ሙቀትን የሚቋቋም ዘረ ብናኝ ስለሚፈጥር በመደርደሪያ ላይ የመቆየት ዕድሉ የተሻለ ነው። ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ ደግሞ በሥር ዙሪያ በፍጥነት ይራባል፤ ግን ለድርቀት ስስ ነው።

እነዚህም ቢሆኑ ብቻቸውን ይቸግራሉ። ሥሩን ለመክበብ ቀናት ያስፈልጓቸዋል፤ ፒቲየም ግን ዘሩን ገና ሲያብጥ ሊያጠቃው ይችላል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ትሪኮደርማ ይዘገያል። በሽታው አስቀድሞ በተስፋፋበት መደብ ላይ ሲጨመሩም የወደቀውን ችግኝ አያነሡም። ሥራቸው መከላከል እንጂ ማከም አይደለም።

ጥምረቱ እንዴት ይሠራል?

ከላይ የተነሡት ድክመቶች ሲደረደሩ የአንዱ ጉድለት በሌላው ጥንካሬ እንደሚሞላ ይታያል። ኬሚካሉ የመጀመሪያዎቹን አደገኛ ቀናት ይጠብቃል፤ ተሕዋሱ በዚያ ጊዜ ሥር ላይ ይደላደልና የቀሩትን ሳምንታት ይረከባል። ይህን ለማድረግ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በቦታ መለየት ነው። ኬሚካሉ በዘሩ ላይ ብቻ ይለበጣል፤ ትሪኮደርማው ደግሞ በደንብ ከተብላላ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ በመደቡ አፈር ውስጥ ይገባል። የኬሚካሉ መጠን ጥቂትና በዘሩ ዙሪያ የተወሰነ ስለሆነ በአፈሩ ውስጥ ያለው ወዳጅ ብዙም አይጎዳም። ለአነስተኛ አምራች ቀላሉ መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው በጊዜ መለየት ነው። በመደቡ ላይ ኬሚካል ማፍሰስ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ኬሚካሉ ይፈስሳል፤ ኃይሉ እስኪቀንስ ቀናት ይጠበቃል፤ ከዚያ ተሕዋሱ ይጨመራል። ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ እንደ ኬሚካሉ ስለሚለያይ በመያዣው ላይ የተጻፈውን መከተል ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ፣ ማለትም ወዳጁን አስገብቶ በማግሥቱ ኬሚካል ማፍሰስ፣ ሁለቱንም ከማባከን አይለይም።

ሦስተኛው በአንድ ዘር ላይ አብሮ መጠቀም ነው። ይህ የሚቻለው ተሕዋሱ ኬሚካሉን የሚቋቋም መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። በአሜሪካ ኮዲያክ በሚል የንግድ ስም የቀረበ የባሲለስ ሰብቲሊስ ምርት እ.አ.አ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከፀረ ፈንገስ ኬሚካሎች ጋር በጥጥ ዘር ላይ ተለብጦ ጥቅም ላይ ውሏል። ባሲለስ ባክቴሪያ በመሆኑ ፈንገስን ለመግደል የተሠራው ኬሚካል እምብዛም አይጎዳውም።

በህንድ የታሚል ናዱ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ለአትክልት አምራቾች ከሚሰጣቸው ምክሮች መካከል አንድ ኪሎ ግራም ዘር ከመዘራቱ 24 ሰዓት በፊት በ4 ግራም የትሪኮደርማ ዱቄት ማሸት ይገኝበታል። ለመደቡም በሔክታር 2 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ሱዶሞናስን ከ50 ኪሎ ግራም ፍግ ጋር ቀላቅሎ መጨመርን ይመክራል። ቁጥሩ ለዚያ አገር ምርት የወጣ ስለሆነ እዚህ የሚገዛ ምርት በራሱ መያዣ ላይ ባለው መጠን መሠራት አለበት። ፍጉ የተሕዋሱ ስንቅ ነው የሚለው ሐሳብ ግን በየትኛውም አገር ይሠራል።

የሚስማማና የማይስማማ

አምራቹ ሊይዘው የሚገባው ዋና ቁም ነገር የኬሚካሉን የንግድ ስም ሳይሆን በመያዣው ላይ በትንሹ የሚጻፈውን የንቁ ንጥረ ነገር ስም ማንበብ ነው።

ትሪኮደርማ ራሱ ፈንገስ ነው። ስለዚህ ካርቤንዳዚም፣ ታይኦፋኔት ሜታይልና ቤኖሚል ይገድሉታል። ቲቡኮናዞልና ፕሮፒኮናዞልን የመሳሰሉትም አጥብቀው ይጎዱታል። ሜታላክሲል ግን ትሪኮደርማን እምብዛም አይነካም፤ ለዚህም ነው ሁለቱ በብዙ ሙከራዎች ተጣምረው የሚገኙት። ሜታላክሲል ፒቲየምን ይይዛል፤ ሜታላክሲል የማይደርስበትን ራይዞክቶኒያ ትሪኮደርማ ይይዛል። ካፕታን፣ ታይራምና ማንኮዜብ በመካከል ይቀመጣሉ፤ ጉዳታቸው እንደ መጠናቸውና እንደ ትሪኮደርማው ዓይነት ይለያያል።

ባክቴሪያዎቹ ደግሞ መዳብ ካላቸው ኬሚካሎችና ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር መገናኘት የለባቸውም።

በአንድ ከረጢት ውስጥ ሁለትና ሦስት ንጥረ ነገር ተቀላቅሎ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምሳሌ በአትክልት አምራቾች ዘንድ የሚታወቀው ሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ 4 በመቶ ሜታላክሲል ኤምና 64 በመቶ ማንኮዜብ ይይዛል። «ሜታላክሲል ስለሆነ ወዳጁን አይጎዳም» ብሎ መደምደም የማንኮዜቡን ድርሻ መርሳት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ምርት በጊዜ ለይቶ መጠቀም ይመረጣል።

ከሁለቱም የሚቀድመው መደቡ ነው

ውኃ የሚተኛበትን መደብ ኬሚካልም ተሕዋስም አያድነውም። በክረምት ለሚተከል በርበሬ የሚዘጋጅ መደብ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለትና በዙሪያው የውኃ መውጫ ቦይ ሊኖረው ይገባል። ባለፈው ዓመት በሽታ በታየበት ቦታ ላይ መደብ መሥራት ተገቢ አይደለም። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች ቤተ ዘመድ ስለሆኑ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ማፈራረቅ አይባልም።

ዘር ሲበዛ ችግኙ ይጠጋጋል፣ አየር አይዘዋወርም፣ ርጥበቱ አይደርቅም፤ ስለዚህ በመስመር አሳስቶ መዝራት ያስፈልጋል። ከዘር በኋላ የሚለበሰው ደረቅ ሣር ቡቃያው ብቅ ሲል ሳይዘገይ መነሣት አለበት። ውኃ ጠዋት ይጠጣ፤ ማታ የጠጣ መደብ ሌሊቱን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ያድራል። ያልተብላላ ፍግ በሽታ አምጪዎቹን ይመግባል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ሞቃት ወቅት መደቡን አርሶ፣ አጠጥቶና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ አጥብቆ ሸፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማቆየት በአፈሩ ውስጥ ያሉትን በሽታ አምጪዎች ይቀንሳል። ፕላስቲኩ ከተነሣ በኋላ ትሪኮደርማ የተቀላቀለበት ኮምፖስት ቢጨመር ወዳጁ ተሻሚ የሌለበትን አፈር ቀድሞ ይይዛል።

በከተማ በጓሮው ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ችግኝ የሚያፈላ ነዋሪም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። የዕቃው ታች ውኃ የሚያወጣ ቀዳዳ ይኑረው፤ አሮጌው አፈር በሽታ ከታየበት አይደገም፤ ዕቃው ፀሐይና አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ለጥቂት ችግኝ ሲባል በመኖሪያ ቤት ኬሚካል ከማስገባት እነዚህን ማሟላት ይበልጣል።

ሲገዛና ሲሠራበት

ትሪኮደርማም ሆነ ባሲለስ ሕይወት ያለው ዕቃ ነው። ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ የከረመ ወይም ጊዜው ያለፈበት ምርት የሞተ ዱቄት ሊሆን ይችላል። የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የተቀመጠበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ቤት ከገባ በኋላም ቀዝቃዛና ጥላ ያለበት ቦታ ይፈልጋል። ከተመዘነበት ዕቃ ጀምሮ ኬሚካል በተበጠበጠበት መርጫ መጠቀም አይገባም፤ በመርጫው ውስጥ የቀረ ጥቂት ኬሚካል ተሕዋሱን ሊገድል ይችላል።

በኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥም ሆነ መጠቀም የተከለከለ ነው። መያዣ የሌለው፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ኬሚካል ንጥረ ነገሩም መጠኑም አይታወቅም፤ ጥምረት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በምርጫው ላይ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ዘር በኬሚካል ሲታሽ ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ የታሸ ዘር ከልጆችና ከዶሮዎች መጠበቅ፣ የተረፈውንም ለምግብ አለማዋል የግድ ነው። የኬሚካሉ ባዶ ዕቃ ለውኃ መቅጃ ወይም ለዘይት መያዣ ሊሆን አይችልም።

አዲስ ዘዴን በሙሉ መደብ ላይ ከመጀመር በትንሹ መፈተን ይሻላል። ከአንድ መደብ ላይ ሦስት እኩል ክፍሎችን ለይቶ በእያንዳንዱ 100 ዘር መዝራት ይቻላል፦ አንዱ ምንም ያልተደረገለት፣ ሁለተኛው ኬሚካል ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱም የተጣመሩበት። በ21ኛው ቀን በእያንዳንዱ ክፍል የቆመው ችግኝ ይቆጠራል። በሦስቱ መካከል ብዙ ልዩነት ከሌለ በዚያ ወቅት ለግዢ የሚወጣው ገንዘብ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው ክፍል ጎልቶ ከበለጠ ደግሞ ለቀጣዩ ዘር ምን መግዛት እንደሚገባ የራስ መደብ ራሱ ይናገራል።